አሮጌ የናፍጣ መኪና ሲገዛ ባለቤትዎን ብቻቸውን አይላኩ

ቅቤ ሲገዙ ዝም ብለው ገንዘብ አይቆጥሩም። ከላይ የተለበጠውን ገለጥ አድርገው ከውስጥ በጣትዎ ቆንጥረው ያሸታሉ። ጤፍ ሲገዙ ከጆንያው አፍ ሳይሆን ከሥሩ ዘግነው በመዳፍዎ ላይ ይበትናሉ። በርበሬውንም ዛላውን ሰብረው ያያሉ። ለአንድ ኪሎ ቅቤ ይህን ያህል የሚጠነቀቁ እናት ግን፣ ቤተሰቡ ለዓመታት ያጠራቀመው ገንዘብ በአንድ ቀን ለሚወጣበት ዕቃ ሲሆን «ይህ የወንዶች ጉዳይ ነው» ብለው እቤት ይቀራሉ። የዛሬው ጽሑፋችን ስለዚሁ ነው።

ይህን ለመጻፍ ያነሣሣን ከአንዲት አንባቢያችን የደረሰን ደብዳቤ ነው። እኚህ እህታችን እንጀራ እየጋገሩ ለምግብ ቤቶች ያስረክባሉ፤ ባለቤታቸው መምህር ናቸው። በቅርቡ የዕቁብ ዕጣ ስለወጣላቸው ለእንጀራው ማመላለሻ የሚሆን አሮጌ የናፍጣ ፒክአፕ ለመግዛት ተስማምተዋል። «ደላላው ሦስት ጊዜ እየነዳ ደጃችን ድረስ አምጥቶ አሳይቶናል። ሞተሩ ቁልፉ ገና ሲነካ ይነሣል። እስከ ወሩ መጨረሻ ቀብድ ካልከፈላችሁ ሌላ ገዢ ይወስደዋል ይለናል። ባለቤቴ ቸኩሏል፤ እኔ ግን ጎረቤቴን አይቼ ፈራሁ። እሷም እንዲሁ ገዝታ በሁለተኛው ወር ሞተሩ ተበላሸባት። መኪናው ደጇ ላይ ቆሟል፤ ዕቁቡን ግን እስከ ዛሬ በየሳምንቱ ትጥላለች። እኔ ስለ ሞተር ምንም ሳላውቅ ምን ብዬ ልናገር?» ይላሉ።

የእህታችን ፍርሃት ተገቢ ነው። ዕቁብ ቀድሞ የደረሰው ሰው ገንዘብ ያገኘ ይመስለዋል እንጂ፣ እውነቱን ለመናገር የተበደረ ነው። መኪናው ቢቆም ዕቁቡ አይቆምም። ከዚህም በላይ በእንዲህ ያለ ኪሳራ ምክንያት «አንተ ነህ፣ አንቺ ነሽ» እየተባባሉ ሰላማቸውን ያጡ ቤተሰቦች ጥቂቶች አይደሉም። ስለ ሞተር አለማወቅዎ ግን ዝም ለማለት ምክንያት አይሆንም። ከዚህ ቀጥሎ የምንዘረዝራቸው ነገሮች አብዛኞቹ ዓይን፣ አፍንጫ፣ ጆሮና ትዕግሥት እንጂ የመካኒክነት ሙያ አይጠይቁም።

አሮጌ መኪና መግዛት በራሱ ስሕተት አይደለም። በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኤክሳይስ ታክስ አዋጅ ዕድሜያቸው ገፍቶ ከውጭ በሚገቡ መኪኖች ላይ ከባድ ታክስ ጣለ። በ2016 ዓ.ም. ደግሞ በነዳጅ የሚሠሩ የቤት አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ ተወሰነ። ስለሆነም ቀድሞ የገቡት መኪኖች ከእጅ ወደ እጅ መዘዋወራቸው የሚጠበቅ ነው። በቶዮታ ሃይሉክስ ፒክአፕና በሃይኤስ ሚኒባስ ላይ የምናያቸው 2 ኤል፣ 3 ኤልና 5 ኤል የተባሉት ሞተሮች፣ እንዲሁም የላንድ ክሩዘሩ 1 ኤች ዜድ፣ በሚገባ ከተያዙ ለረጅም ዘመን ያገለግላሉ። ይሁን እንጂ «ቶዮታ ነው፣ ናፍጣ ነው፣ አይሞትም» የሚለው የደላላ አነጋገር ግማሽ እውነት ነው። የማይሞት ሞተር የለም። ሊሞት የተቃረበውንም ሞተር ለጥቂት ቀናት ጤነኛ አስመስሎ ማሳየት ይቻላል።

ይህ እንዴት እንደሚሆን ለመረዳት የናፍጣ ሞተርን ጠባይ ማወቅ ይጠቅማል። በቤንዚን ሞተር ውስጥ ነዳጁን የሚያቀጣጥለው የካንዴላ እሳት ነው። በጀርመናዊው መሐንዲስ በሩዶልፍ ዲዝል ስም የሚጠራው የናፍጣ ሞተር ግን እንዲህ ያለ እሳት የለውም። ፒስቶኑ አየሩን አፍኖ ይጨምቀዋል፤ አየር ሲጨመቅ ይግላል፤ በጋለው አየር ላይ ናፍጣው ሲረጭ በራሱ ይቀጣጠላል። በእነዚህ አሮጌ ሞተሮች ውስጥ አየሩ ከነበረበት ስፋት ወደ 20ኛ እጁ ያህል ይጠባል። እንግዲህ የናፍጣ ሞተር ነፍሱ ይህ መካኒኮች ኮምፕሬሽን የሚሉት ጭምቀት ነው። የፒስቶኑ ፋሻ ካለቀ ወይም ባልቦላው በደንብ ካልገጠመ አየሩ ያመልጣል። አየሩ ካመለጠ ሙቀቱ ይጎድላል፤ ሙቀቱ ከጎደለ ሞተሩ በብርድ አልነሣም ይላል። አንድ ጊዜ ከሞቀ በኋላ ግን ይኸው ሞተር ምንም እንደሌለበት ሁሉ ይነሣል። ጉዳዩን የሚያውቅ ሻጭ መኪናውን አሙቆ የሚያመጣው በዚህ ምክንያት ነው።

ስለዚህ የመጀመሪያው ምክራችን በማለዳ፣ መኪናው ካደረበት ቦታ ድረስ ሄደው ይዩ የሚል ነው። ከዋዜማው ለሻጩ «እኛ ሳንደርስ እንዳይነሣ» ብለው ያስታውቁ። እንደ ደረሱም ኮፈኑን አስከፍተው እጅዎን ሞተሩ ላይ ያሳርፉ። ለብ ካለ ቀድሞ ተነሥቷል ማለት ነው፤ ሳይነታረኩ በሌላ ቀን እንደሚመለሱ ይናገሩ። ቀዝቃዛ ከሆነ ቁልፉ ግማሽ ይዙር። በዳሽቦርዱ ላይ የተጠቀለለ ሽቦ የሚመስል ብጫ መብራት ይበራል፤ ይህም ካንዴሌታ የሚባለው ማሞቂያ ሥራውን መጀመሩን ያመለክታል። መብራቱ ሲጠፋ ሞተሩ ይነሣ። ጤነኛ ሞተር በጥቂት ሴኮንድ ውስጥ ይነሣል። ሞተሪኖው ለረጅም ጊዜ እያቃሰተ ከቆየ፣ «ባትሪው ደክሞ ነው» የሚለውን መልስ ብቻ ሰምተው አይለፉ። ባትሪ ወይም ካንዴሌታ ከሆነ ወጪው ቀላል ነው፤ ኮምፕሬሽን ከሆነ ግን ሞተሩ ወርዶ ሊሠራ ነው። ሁለቱን ለይቶ የሚነግርዎ ጋራዥ ብቻ ነው።

ባለቤትዎ ቁልፉን ሲያዞሩ እርስዎ ከኋላ፣ ከማርሚታው ራቅ ብለው ይቁሙና ጢሱን ይመልከቱ። በብርድ ሲነሣ ለአጭር ጊዜ የሚወጣ ነጭ ጢስ የሚያስደነግጥ አይደለም። ነጩ ጢስ የናፍጣ ሽታ እየሸተተ ብዙ ደቂቃ ከቆየ ግን ነዳጁ በሙሉ እየነደደ አይደለም። ሞተሩ ከሞቀ በኋላም እንደ ድስት እንፋሎት ያለ ነጭ ጢስ ካላቋረጠ፣ ውሃ ወደ ሞተሩ ውስጥ እየገባ ሊሆን ይችላል። ሰማያዊ ጢስ ዘይት እየተቃጠለ መሆኑን ያሳያል፤ ይህም የፋሻ ወይም የባልቦላ ነገር ነው። ጥቁር ጢስ የሚወጣው ናፍጣው ከአየሩ ሲበዛ ነው፤ የአየር ማጣሪያው ቆሽሾ ወይም ናፍጣ የሚረጩት ኖዝሎች ተበላሽተው ሊሆን ይችላል። አዲስ አበባን በመሳሰሉ ከፍተኛ ቦታዎች አየሩ ስስ ስለሆነ፣ ነዳጅ በድንገት ሲሰጠው ጥቂት ጥቁር ጢስ ቢያሳይ አይፍረዱበት። ከኋላው ያለውን መንገድ የሚሸፍን ከሆነ ግን ይጠይቁ።

ሞተሩ በቀስታ እየሠራ ሳለ የዘይት መሙያውን ክዳን አስከፍተው ገልብጠው በአፉ ላይ ያስቀምጡት። ጥቂት እንፋሎትና መንቀጥቀጥ የተለመደ ነው። ክዳኑ ዘልሎ የሚወድቅ ወይም ጢሱ እንደ ባቡር ጭስ ማውጫ ቱፍ ቱፍ የሚል ከሆነ፣ ጭምቀቱ በፋሻው አልፎ ወደ ታች እየወረደ ነው። ይህ አንድ ምልክት ብቻውን ከብዙ የደላላ ምስክርነት ይበልጣል።

ቀጥሎ ዘይቱን ይዩ። ሞተሩ ጠፍቶ ጥቂት ከቆየ በኋላ የዘይት መለኪያውን ዘንግ ይምዘዙ። በናፍጣ ሞተር ውስጥ ዘይት በተለወጠ በጥቂት ቀን ስለሚጠቁር ጥቁረቱ ብቻውን ጥፋት አይደለም። የሚያሠጋው ወተት እንደ ገባበት ቡና የደፈረሰ እንደሆነ ነው፤ ይህም ውሃ ከዘይት ጋር መቀላቀሉን ያመለክታል። ዘይቱ ከልኩ በላይ ሆኖ ናፍጣ ናፍጣ የሚሸት ከሆነም ነዳጅ ወደ ዘይቱ እየወረደ ነውና ይጠንቀቁ። ባልታጠበ አሮጌ ሞተር ውስጥ ዛሬ የተሞላ የሚመስል ንጹሕ ዘይት ካዩ ደግሞ «መቼ፣ ለምን ተለወጠ?» ብለው ይጠይቁ።

የራዲያተሩን ክዳን የሚከፍቱት ሞተሩ ቀዝቃዛ ሳለ ብቻ ነው። በጋለ ሞተር ላይ ክዳኑን መክፈት ፊትን ያቃጥላል፤ ልጆችንም በዚያ ሰዓት አያስጠጉ። በውሃው ላይ የዘይት ዓይን የሚንሳፈፍ ከሆነ ወይም ውሃው የሸክላ ጭቃ መስሎ ከዛገ መልካም ምልክት አይደለም። ሞተሩ ተነሥቶ ገና ሳይሞቅ በውሃው ውስጥ አረፋ ያለማቋረጥ ከፈላ፣ ወይም የውሃው ጎማ ቱቦ በጥቂት ደቂቃ ውስጥ እንደ ድንጋይ ከጠጠረ፣ ከቴስታታው ሥር ያለው ጓርኒሲዮን ተበልቷል፣ አለዚያም ቴስታታው ራሱ ተሰንጥቋል ማለት ይሆናል። በእነዚህ ሞተሮች ላይ ውሃ ጎድሎ አንድ ጊዜ ብቻ በኃይል መሞቅ ለቴስታታው መሰንጠቅ በቂ ነው። የጎረቤታሞች ልቅሶ ብዙውን ጊዜ የሚመጣው ከዚህ ነው።

አሁን ደግሞ ብዙ ገዢዎች የሚዘነጉትን እንጥቀስ። ከላይ በስም የጠቀስናቸው የቶዮታ ሞተሮች የባልቦላዎቹን ጊዜ የሚያስጠብቅ የጎማ ቺንጋ አላቸው። ይህ ቺንጋ በመንገድ ላይ ከተበጠሰ ባልቦላዎቹ ከፒስቶኑ ጋር ተጋጭተው ይጣመማሉ፤ ሞተሩም በአንድ አፍታ ዋጋ ያጣል። ስለዚህ በብዙዎቹ ላይ በየ100 ሺህ ኪሎ ሜትሩ እንዲለወጥ ይመከራል፤ ሰዓቱ ሲደርስም በዳሽቦርዱ ላይ «ቲ-ቤልት» የሚል መብራት ይበራል። አምፖሉን በማውጣት መብራቱን ማጥፋት አስቸጋሪ አይደለምና ቁልፉ ግማሽ ሲዞር ከሌሎቹ መብራቶች ጋር ብልጭ ማለቱን ይመልከቱ። ሻጩ ቺንጋው መለወጡን የሚያሳይ የጋራዥ ደረሰኝ ካላቀረበ አልተለወጠም ብለው ይቁጠሩ፤ የመለወጫውንም ወጪ ከዋጋው ላይ ያስቀንሱ።

የናፍጣ ፓምፑንም በባትሪ መብራት ይመልከቱ። ዙሪያውን እርጥብ ሆኖ አቧራ የለጠፈበት ከሆነ እያፈሰሰ ነው፤ የፓምፕ ጥገና ደግሞ ርካሽ አይደለም። ይህ ሁሉ ምክር በተለይ ለአሮጌዎቹ፣ ፓምፓቸው ያለ ኮምፒውተር ለሚሠራው ሞተሮች ነው። ከእነሱ በኋላ የመጡትና ኮመን ሬል የተባሉት ሞተሮች ናፍጣውን እጅግ ከፍ ባለ ግፊትና በኤሌክትሮኒክ ትእዛዝ ስለሚረጩ በኮምፒውተር መመርመሪያ ሳይታዩ መግዛት አይገባም።

ከዚህ በኋላ መኪናው ይነዳ። በደልዳላ አስፋልት ላይ ሁለት ዙር መዞር ፈተና አይደለም። በአዲስ አበባ የሚኖሩ ከሆነ ከስድስት ኪሎ ተነሥተው በሽሮ ሜዳ በኩል ወደ እንጦጦ ይውጡ፤ በሌላም ከተማ የሚኖሩ አቀበት አያጡም። እርስዎ ከጎን ተቀምጠው የሙቀቱን መለኪያ ብቻ ይከታተሉ። መርፌው ከመካከል አልፎ ወደ ላይ መውጣት ከጀመረ ጉዞው ይቁም። በአቀበቱ ላይ የሞተሩ ጩኸት እየጨመረ መኪናው ግን ፍጥነት ካልጨመረ ፍሪሲዮኑ አልቋል። ቁልቁል ሲወርዱ ማርሹ በራሱ ዘልሎ ከወጣ ካምቢዮው ታሟል። ፍሬን ሲያዝ መኪናው ወደ አንድ ጎን የሚስብ ከሆነ፣ ወይም መሪው ሳይታዘዝ ባዶውን የሚዞር ከሆነ፣ ይህ የገንዘብ ብቻ ሳይሆን የነፍስ ጉዳይ ነው። ተመልሰው ሲያቆሙም ከሥሩ ንጹሕ ካርቶን አንጥፈው ሩብ ሰዓት ያህል ይጠብቁ። ካርቶኑ ላይ የሚንጠባጠበው ዘይት፣ ውሃ ወይም ናፍጣ ያለ ሐሰት ይመሰክራል።

ስለ ውጪው አካል ረጅም ነገር አንጽፍም። የሚያብረቀርቅ አዲስ ቀለም ማስደሰት ሳይሆን ማስጠርጠር ይገባዋል። ትንሽ ማግኔት በስስ ጨርቅ ጠቅልለው በላሜራው ላይ ያዙሩ፤ ማግኔቱ የማይዝበት ቦታ ብረቱ ተበልቶ በስቱኮ ተሞልቷል። በሮቹ ሲዘጉ ክፍተታቸው እኩል መሆኑን ይዩ። ከሥር ደግሞ ሻንሲው ተሰብሮ የተበየደበት ስፍራ መኖሩን ያስመርምሩ። የኪሎ ሜትር ቆጣሪው ጥቂት ጽፎ የፍሪሲዮን ፔዳሉ ጎማ አልቆ ብረቱ ከታየ፣ ከሁለቱ ፔዳሉን ይመኑ።

ይህን ሁሉ አይተው ከወደዱት መኪናውን ሻጩ ወደማይመርጠው ጋራዥ ወስደው ኮምፕሬሽኑን ያስለኩ። በዚህ ልኬታ የአንዱ ሲሊንደር ቁጥር ከሌሎቹ በጣም ዝቅ ካለ ግዢው ይቅር። ለምርመራው የሚከፍሉት ገንዘብ ቢበዛብዎ የጎረቤትዎን ዕቁብ ያስታውሱ።

የወረቀቱም ነገር እንደ ሞተሩ መመርመር አለበት። በሊብሬው ላይ የተጻፉት የሻንሲና የሞተር ቁጥሮች በብረቱ ላይ ከተቀረጹት ጋር አንድ መሆናቸውን በዓይንዎ ያረጋግጡ። መኪናው ዕዳ፣ እገዳ ወይም ያልተከፈለ ቀረጥ እንደሌለበት ከሚመለከተው መሥሪያ ቤት ያጣሩ። ሻጩ ባለትዳር ከሆነ ደግሞ የትዳር ጓደኛው ስምምነት አይዘለል። በ1992 ዓ.ም. የወጣው የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ በሁለቱም ስም የተመዘገበና ዋጋው ከ500 ብር የበለጠ የጋራ ተንቀሳቃሽ ንብረት ሲሸጥ የሁለቱንም ስምምነት ይጠይቃል። እርስዎ ሳያውቁ ንብረትዎ እንዲሸጥ እንደማይፈልጉ ሁሉ የሌላይቱም እናት ንብረት ሳታውቅ አይሸጥ። እርስዎም ሲገዙ ሊብሬው በሁለታችሁ ስም እንዲሆን ተነጋገሩበት።

ቀብድን በተመለከተ፣ ምርመራው ሳያልቅ አንድ ብር እንኳ አይስጡ። በ1952 ዓ.ም. በወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ መሠረት፣ በውሉ ሌላ ስምምነት ከሌለ፣ ቀብድ ሰጥቶ ውሉን የሚያፈርስ ሰው ቀብዱን ያጣል፤ ተቀብሎ የሚያፈርስም እጥፍ አድርጎ ይመልሳል። ደላላው «ቀብድ ብቻ ስጡኝ» እያለ የሚያጣድፈው እጅዎን ለማሰር ነው። በእጅዎ ያለውንም ገንዘብ በሙሉ ለግዢ አያውሉ፤ ከአምስት እጅ አንዱን ለቺንጋ፣ ለዘይት፣ ለማጣሪያዎችና ለጎማ ያስቀሩ። አሮጌ መኪና የገዙ ዕለት ወጪው አያበቃም።

በመጨረሻም አንድ ነገር ስለ ልጆች እንጨምር። የዓለም የጤና ድርጅት አካል የሆነው የካንሰር ምርምር ተቋም በ2004 ዓ.ም. የናፍጣ ሞተር ጢስ በሰው ላይ ካንሰር የሚያመጣ መሆኑን አስታውቋል። መኪናው በግቢ ውስጥ ሲሞቅ ጢሱ ወደ መኝታ ቤት ወይም ወደ ማዕድ ቤት እንዳይገባ አቅጣጫውን ያስተካክሉ፤ በተዘጋ ጋራዥ ውስጥ ሞተር አይነሣ። የሚጨስ መኪና ኪስን ብቻ ሳይሆን ሳንባንም ይጎዳል።

አሁን ወደ ጸሐፊያችን እንመለስ። እህታችን፣ «ስለ ሞተር ምንም አላውቅም» ብለውናል። ነገር ግን በደብዳቤዎ ውስጥ ትልቁን ነገር ራስዎ ጽፈውታል። ደላላው መኪናውን ሦስት ጊዜ አሳይቶዎታል፤ ሦስቱንም ጊዜ የመጣው እየተነዳ ነው። ስለዚህ ቁልፉ ገና ሲነካ የሚነሣው የሞቀ ሞተር ነው፤ ቀዝቅዞ ያደረውን ሞተር እርስዎም ሆኑ ባለቤትዎ እስከ ዛሬ አላያችሁትም። መኪናው መጥፎ ነው ለማለት አይደለም፤ ገና አልታየም ለማለት ነው። እንግዲህ ዛሬ ማታ ለባለቤትዎ «አትግዛ» ሳይሆን «በማለዳ አብረን ሄደን ሲነሣ እንየው» ይበሏቸው። በዚህ ሐሳብ የሚቆጣ ባል አይኖርም፤ የሚቆጣ ሻጭ ካለ ግን መልሱን ሰጠዎት ማለት ነው። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ይባላል፤ ፈሶ የማይለቀም ነገርም አለና ረጋ ይበሉ። ያ ማለዳ ያሳየዎትን ቢጽፉልን ለሌሎች እህቶች ትምህርት ይሆናል።